አጥር የሌለው ግቢ

አሜሪካ፣ ሚኔሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ አውቶቡስ መንዳት ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። 63 ቁጥር ሲደርሰኝ በግራንድ ጎዳና እመላለሳለሁ። ኤ ላይን ሲደርሰኝ ደግሞ በስኔሊንግ። ሁለቱ ጎዳናዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ማካሌስተር ኮሌጅ አለ። ስንት ጊዜ እንዳለፍኩበት እግዜር ይወቀው። ተማሪ እጭናለሁ፣ ተማሪ አወርዳለሁ። ቦርሳቸው ከባድ ነው። ሲወርዱ ሳያመሰግኑ አይሄዱም።

አንድም ቀን ወርጄ ግቢውን አይቼው አላውቅም ነበር። ለምን ብዬ ራሴን የጠየቅኩት ባለፈው ሚያዝያ ነው። መልሱ ቀላል ነበር። የእኛ አይመስለኝም ነበር።

ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ናት። አንድ ማታ እራት ላይ "አባዬ፣ ማካሌስተር ለጉብኝት ተመዝግቤያለሁ። ወላጅም ይገባል። ትመጣለህ?" አለችኝ። እናቷ ማታ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለምትሠራ ጠዋት መተኛት አለባት። ስለዚህ እኔ ነኝ። እሺ አልኩ። ልቤ ግን እሺ አላለም። እኛ ዘንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስለ ልጆች ኮሌጅ ሲወራ የሚነሱት ነገሮች ይታወቃሉ። ነርሲንግ። ኢንጂነሪንግ። ኮምፒውተር። የስቴቱ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ። "ሊበራል አርትስ" ያለ ሰው ካለ "እና ከዚያስ ምን ትሠራለች?" ተብሎ ይጠየቃል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ እኔው ነበርኩ።

ስሙ ራሱ ያደናግራል። "ሊበራል" ሲባል ፖለቲካ ይመስለናል። "አርት" ሲባል ሥዕል። ሁለቱም አይደለም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ነፃ ሰው ሊያውቃቸው ይገባል የሚባሉ ጥበቦች ማለት ነው። በድሮው የአውሮፓ ትምህርት ሰባት ነበሩ፤ ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ ሎጂክ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃ፣ የከዋክብት ጥናት። ዛሬ በአሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። ዋና ሥራው የመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ነው። ኬሚስትሪም፣ ኢኮኖሚክስም፣ ኮምፒውተር ሳይንስም አለው። ልዩነቱ ተማሪው አንዱን መርጦ ሌላውን እርግፍ አድርጎ እንዲተው አለመገደዱ ነው።

ይሄንን ያወቅኩት ግን ከጉብኝቱ በኋላ ነው። ያን ቀን ጠዋት የማውቀው የመኪና ማቆሚያ መፈለግ እንዳለብኝ ብቻ ነበር።

አስጎብኛችን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አስራ አራት ሰው ያህል ነን፤ ወላጆችና ልጆች። ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ ወደ ኋላ ነው የምትራመደው። ደረጃውንም፣ የተሰነጠቀውን አስፋልትም ሳታይ ታውቀዋለች። እየተራመደች ታወራለች። ብርድ ነበር። ሚያዝያ ሆኖም ጥግ ጥጉ ላይ የጠቆረ በረዶ አለ።

ትንሽ እንደሄድን ቀና ብዬ አየሁ። የእግረኛ መሻገሪያ ላይ ነን። መንገዱ ግራንድ ነው። አንድ 63 ቁጥር ቆሞ እስክናልፍ ይጠብቃል። ሹፌሩን አውቀዋለሁ፤ እጁን አነሳልኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ግራንድ ጎዳና በግቢው አጠገብ አይደለም የሚያልፈው። ግቢውን ለሁለት ሰንጥቆት ነው። የመማሪያ ክፍሎቹና ቤተ መጻሕፍቱ በአንድ በኩል፣ ብዙዎቹ ዶርሞች በሌላ በኩል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በመሃሉ ስነዳ ኖሬአለሁ።

"ግቢ" የሚለው ቃላችን አጥር አለበት። እኔ የተማርኩበት ግቢ በር ነበረው፤ ዘበኛ፣ ፍተሻ፣ መታወቂያ። መታወቂያ የረሳ ሰው ዶርሙ እየታየው ውጭ ይቆማል። ግቢ ገባሁ ስንል አንድ ነገር ውስጥ ገባን ማለታችን ነው፤ ያልገባው ውጭ ቀረ። እዚህ ሰው ውሻውን ይዞ በመሃል ያልፋል። አንዲት አሮጊት ሣሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ማንም "ማን ነዎት?" አይላቸውም። በር ስላላየሁ የሚገባበት አልመሰለኝም ነበር።

ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1874 ተመሠረተ። ትምህርት የጀመረው በ1885 ነው። ስሙን ያገኘው የፊላዴልፊያ ሰው ከነበረው ከቻርልስ ማካሌስተር ነው። ሰውየው ሚኒያፖሊስ ውስጥ የነበረውን ሕንፃ ለትምህርት ቤቱ ሰጠ። ሴቶች መግባት የጀመሩት በ1893 ነው። ዛሬ ተማሪዎቹ ሁለት ሺህ አካባቢ ናቸው። እኔ የተማርኩበት ግቢ ውስጥ ይሄ ቁጥር የአንድ ባች ነው።

ኦልድ ሜይን የሚሉት በ1880ዎቹ የተሠራ ሕንፃ ነው። ከጎኑ ያለው ቤተ መጻሕፍት በዴዊት ዋላስ ስም ይጠራል። የሪደርስ ዳይጀስትን መጽሔት በ1922 ከባለቤቱ ጋር የመሠረተው ሰው ነው። አባቱ የዚሁ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ልጁ ግን እዚህ ሲማር አልጨረሰም። ላም ደረጃ አስወጥቶ ኦልድ ሜይን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አድርሷል ይባላል። አስጎብኛችን ይሄንን ስትናገር ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ላሟን እንዴት እንዳወረዷት ነበር የማስበው። ከብት ደረጃ ሲወጣ እሺ ይላል፤ ሲወርድ ነው ችግሩ።

ቀጥሎ አንድ የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ ሥር ቆምን። የአሜሪካው ባንዲራ ከላይ ነው። ከሥሩ ሰማያዊው የተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ይውለበለባል። ከ1950 ጀምሮ ነው እዚያ ያለው። "እዚህ የተማረ አንድ ሰው ኋላ የዚህ ባንዲራ ድርጅት ዋና ጸሐፊ ሆነ" አለች። ኮፊ አናን።

ይሄን አላውቅም ነበር። ስሙን ግን ማን ያጣዋል? ኮፊ አናን ከጋና በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ መጥቶ በ1961 በኢኮኖሚክስ ከዚህ ተመረቀ። ሚኔሶታ ሲደርስ ብርዱን አያውቀውም። ልብስ ደራርቦ መልበሱን ተቀበለ። የጆሮ መሸፈኛውን ግን መልኩ አስቀያሚ ነው ብሎ እምቢ አለ። አንድ ቀን ምግብ ሊበላ ሲወጣ ጆሮው ሊቆረጥ ደረሰ። ከዚያ ሄዶ ያገኘውን ትልቁን ገዛ። ታሪኩን ኋላ ራሱ ይናገረው ነበር፤ ከአገሬው ሰው በላይ አውቃለሁ ማለት እንደማይገባ የተማርኩት ያኔ ነው ይል ነበር። እኔም የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ እንደዚያው ነበርኩ። ከሀበሻ መሃል የጆሮ መሸፈኛ በመጀመሪያው ዓመት ያደረገ ካለ እጁን ያውጣ።

ለልጄ ቀስ ብዬ አንድ ነገር ነገርኳት። ይሄ ሰው ከዚህ ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ኖሯል። ከ1965 እስከ 1971 በአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ሠርቷል። ስታዲየም ወርዶ ትንሽ ሲኬድ ያለው ግቢ፤ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ያለበት አፍሪካ አዳራሽ። ልጅ ሆኜ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ባንዲራዎቹን እቆጥር ነበር። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። "ውጭ ብቻ?" አለች። አዎ፣ ውጭ ብቻ።

ከምሰሶው አለፍ ብሎ ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ጸሎት ቤት አለ። በ1969 የተሠራ ነው። ውስጡ የተቀመጠ ሰው ከውጭ ይታያል፤ ውስጥ ያለውም ዛፉን ያያል። እዚያ ጋ ብዙ ሳንቆም አለፍን። ብንቆይ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ሕንፃ ፊት ግን ረጅም ጊዜ ቆመናል። አሁን ስሙ ሂውማኒቲስ ሕንፃ ነው፤ ሂውማኒቲስ እንደ ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና ያሉት ትምህርቶች ናቸው። ድሮ ኒል አዳራሽ ይባል ነበር። ኤድዋርድ ደፊልድ ኒል የኮሌጁ መሥራች ናቸው፤ ቄስም፣ ጸሐፊም ነበሩ። ስለ አገሩ ነባር ሕዝቦች የሚያዋርድ ነገር ጽፈዋል። በ2019 የተማሪዎቹ ጋዜጣ የቆየውን ጽሑፍ አገላብጦ በልዩ እትም አወጣው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የቦርዱ አባላት ስማቸውን ከሕንፃው አነሱ። አስጎብኛችን ይሄንን ስትናገር ድምጿ አልተቀየረም። ቦታው የዳኮታ ሕዝብ ምድር መሆኑንም ጨመረች። ልጁን ሊያስመዘግብ ለመጣ እንግዳ የመሥራቹን ጥፋት መንገር! እኔ ብሆን እደብቀው ነበር። ቤት ሊያሳይ የመጣ ደላላ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ አያሳይም። በዚህ ኮሌጅ ላይ ያለኝ እምነት የጀመረው እዚህ ሕንፃ ፊት ነው ብል አልዋሸሁም። ሃያ ዓመት ባልሞላቸው ልጆች እጅ ያለች ጋዜጣ ይሄንን ካስደረገች፣ አንብብ፣ ጠይቅ፣ ጻፍ የሚሉት ነገር የምር ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ሳይንስ ሕንፃው፣ ኦሊን ራይስ ገባን። ልጄ እዚህ ስትደርስ እርምጃዋ ፈጠነ። ኬሚስትሪ ትወዳለች። ሥዕልም ትወዳለች። ሁለቱንም ከልቧ። ቤታችን ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል ስለዚህ ጉዳይ ጦርነት ነበር። ጦርነቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። "ሥዕሉን ቅዳሜ ቅዳሜ" እላለሁ።

ላብራቶሪው በር ላይ ቆመን ልጄ እጇን አወጣች። "ኬሚስትሪ እና ሥዕል አንድ ላይ መማር ይቻላል?"

አስጎብኛዋ ጥያቄው አልከበዳትም። ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያጠናል አለች። ሜጀር የሚባለውን፣ ዋናውን የጥናት መስክ፣ ማሳወቅ ያለባችሁ ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ትሞክራላችሁ። መሞከርም ግዴታ ነው፤ ከማኅበራዊ ሳይንስ፣ ከተፈጥሮ ሳይንስና ሒሳብ፣ ከሂውማኒቲስ፣ ከሥነ ጥበብ ሁሉም ሰው ይወስዳል። ሁለተኛ ቋንቋም አለ። እሷ ራሷ ሕግ ለማጥናት አስባ ገብታ አሁን ጂኦሎጂ ላይ ናት። የኮሌጁ ዋና ትኩረት የመጀመሪያ ዲግሪ ስለሆነ ፕሮፌሰሮቹ ምርምር ሲሠሩ የሚያግዟቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩትም ራሳቸው ናቸው። ለአስር ተማሪ አንድ መምህር ያህል ነው።

ሌላውን ሁሉ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። ሐሳቤ "ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ" የሚለው ላይ ቀርቶ ነበር።

እኔ ማትሪክ ወስጄ ውጤቴ ጥሩ ነበር። የምርጫ ቅጽ ሞላሁ። አንደኛ ምርጫዬ ታሪክ ነበር። ታሪክን የወደድኩት በአባቴ ነው፤ ማታ ማታ የሚያወራልኝን በመጽሐፍ ማግኘት እፈልግ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የምደባ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ግፊያ ነው። ጣቴን ዝርዝሩ ላይ እያስኬድኩ ስሜን አገኘሁት። ከስሜ ትይዩ ስታቲስቲክስ ይላል። በሁለት ቀን ውስጥ ቅሬታ ማስገባት ይቻላል ተባለ። አስገባሁ። መልስ አልመጣም። አራት ዓመት ተማርኩ። አንድም ኮርስ አልወደቅኩም። አንዱንም ደግሞ አልወደድኩትም። ዲቪ ሲደርሰኝ ዲግሪዬን በፖስታ አሽጌ ይዤው መጣሁ። እስከ ዛሬ ከዚያ ፖስታ አልወጣም።

ላብራቶሪው በር ላይ ቆሜ ይሄንን ሳስብ አንድ ነገር አፈጠጠብኝ። እቤቴ ውስጥ ልጄን የምመድባት እኔ ነኝ። ዝርዝሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ቅሬታዋንም መልስ ሳልሰጥ የያዝኩት እኔ።

ልጄ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። "ሁለተኛ ቋንቋው አማርኛ ሊሆን ይችላል? አነባለሁ፣ እጽፋለሁም።" አስጎብኛዋ እንደዚህ ተጠይቃ አታውቅም። ስልኳን አውጥታ ጻፈችው፤ ጠይቄ በኢሜይል እነግርሻለሁ አለች። እኔ ደግሞ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ፊደል እያለቀሰች የተማረች ልጅ ናት።

ስለ ገንዘቡ ሳልናገር ብቀር ለወላጅ አንባቢ ታማኝ አልሆንም። በዓመት ትምህርቱ፣ ዶርሙ፣ ምግቡ ሲደመር ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳየው ስልኬን አስቀምጬ ተነሥቻለሁ። ብዙዎቻችን እዚያ ላይ ነው የምንቆመው። ነገር ግን ይሄ ቁጥር የተለጠፈው ዋጋ ነው። እንደዚህ ያሉ ኮሌጆች ሁሉንም ቤተሰብ እኩል አያስከፍሉም። ማካሌስተር ለተቀበለው ተማሪ የታየውን ችግር ሙሉ በሙሉ እሸፍናለሁ ይላል። "የታየው" የሚለው ቃል ላይ ግን ቆም በሉ። ችግራችሁን የሚለኩት እነሱ ናቸው፤ ፋፍሳ እና ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በሚባሉት ቅጾች። ሽፋኑ ውስጥም የማይመለስ ግራንት፣ የሚመለስ ብድር እና ተማሪው ግቢ ውስጥ ሠርቶ የሚያገኘው ገንዘብ ተቀላቅለው ይመጣሉ። ለየብቻ ጠይቁ። ግራንቱ ስንት ነው? ብድሩ ስንት ነው? ሳታፍሩ።

ሌላም አለ። በሕግ ተማሪዎቹ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ የሚያገኙበት ኮሌጅ ሁሉ ድረ ገጹ ላይ ለእናንተ ቤተሰብ የሚደርሰውን ዋጋ የሚገምት ማስያ ማስቀመጥ አለበት። ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር ይባላል። የዚያን ማታ የኔንና የባለቤቴን ደብሊው ቱ፣ የዓመቱን የደመወዝ ማስረጃ፣ ይዘን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የወጣው ቁጥር ከፈራሁት ከግማሽ በታች ነው። አሁንም ቀላል አይደለም። ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው፤ "ይሄ እኮ ሊታሰብበት ይችላል" አለች።

ቅዳሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። የልጅ ልጇ ምን ልትማር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሊበራል አርትስን በአማርኛ ማስረዳት ጀመርኩ። ከበደኝ። "እማዬ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ይማራሉ። ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ። ኋላ የሚወዱትን ይለያሉ" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። "አባትህ ቅኔ ቤት እንደነበረው ነዋ" አለችኝ።

አባቴ የቆሎ ተማሪ ነበር። ውሻ እያባረረው፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከመምህር መምህር ሄዷል። ንባብ እዚህ፣ ዜማ እዚያ። ቅኔ ቤት ሲገባ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር ነበረበት፤ የትናንቱን ይዞ መቅረብ አይቻልም። ይሄን ሁሉ ተምሮ ኋላ ቀበሌ ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። ቅኔው ለሥራው አልጠቀመውም የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሲጣላ የሚመጣው እሱ ዘንድ እንደነበር አውቃለሁ። የሁለት ሰው ነገር ሰምቶ ሦስተኛውን የሚያይ ሰው ነበር። ታሪክን ያስወደደኝም እሱ ነው።

"ታዲያ ምን ትላለህ?" አለችኝ እናቴ።

"እሷ ታስብበት" አልኳት። እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ሰኞ 63 ቁጥር ደረሰኝ። አራት ሰዓት ገደማ ግራንድ ላይ፣ መሻገሪያው ጋ ስደርስ አንድ ልጅ ወደ ኋላ እየተራመደ ሰዎች ሲያሻግር አየሁ። ቆምኩ። ልጆቹ ቶሎ አለፉ። ወላጆቹ ተከተሉ። በመጨረሻ አንድ አባት ቀርቷል፤ ቀና ብሎ የሕንፃዎቹን ጫፍ እያየ መሃል መንገድ ላይ ቀስ ይላል። ከኋላዬ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ። እኔ ሰውየው ተሻግሮ እግረኛ መንገዱ ላይ እስኪወጣ ጠበቅኩት።